ቀዝቃዛው ክፍል የማን ይሁን?
ስለ ሸኮና አካባቢው ፍራፍሬ የቀረበ ዲስኩር



ስለ ፍራፍሬ ልናገር ብነሣም የምጀምረው ከቡና ነው። የምለውን ነገር በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ያለው የሸኮ፣ የቤንችና የሸካ ሰው ከቡና አስቀድሞ ያውቀዋልና። እሸት ቡና የለቀመ ገበሬ በዚያው ዕለት መሸጥ አለበት። መፈልፈያው ደጅ ሲደርስ ቀዩ ፍሬ በጆንያው ውስጥ መሞቅ ጀምሯል፤ ካደረ ይቦካል። ሰብሳቢው ይህን ያውቃል፤ ገበሬውም ሰብሳቢው እንደሚያውቅ ያውቃል። ዋጋ የሚቆረጠው እንዲህ ባለ ጥድፊያ ላይ ነው። ያው ገበሬ ቡናውን አልጋ ላይ አስጥቶ ጀንፈል ካደረገው ግን ነገሩ ይገለበጣል። ጀንፈሉ ወራት ይቆያል፤ ገበሬው ዋጋው ካልተስማማው "ይቆይልኝ" ብሎ ጆንያውን መልሶ ያስገባል።

ማንጎ፣ ሙዝ፣ ፓፓያ፣ አቮካዶና አናናስ ጀንፈል የላቸውም። ከዛፍ በወረዱ በቀናት ውስጥ ወይ ተበልተዋል ወይ ተጥለዋል። ለእነዚህ ፍሬዎች ጀንፈል የሚሆናቸው በረዶ ነው፤ በደንብ የበሰለውን ፍሬ አጥቦ፣ ልጦ፣ ፈጭቶ ወይም ቆራርጦ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማኖር። እዚህ ደረጃ ላይ የደረሰ ፍሬ ዓመት ገደማ ይቆያል። ዛሬ ላሳምናችሁ የመጣሁበት ነገር አንድ ነው፦ ፍሬውን በረዶ የሚያደርገው ክፍል እዚሁ ከዛፉ አጠገብ ይሠራ፤ ባለቤቱም ዛፉ ያለው ሰው ይሁን።

ከሚዛን አማን አዲስ አበባ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በቦንጋና በጅማ ዞሮ፣ ሽቅብ ቁልቁል ወጥቶና ወርዶ የሚደርስ አይሱዙ ፍሬውን የሚያራግፈው አትክልት ተራ ነው።  ይህን መንገድ ከሁሉ በተሻለ የሚወጣው ሙዝ ነው፤ እሱም ያልበሰለ ስለሆነ ነው። አረንጓዴ ሆኖ ይቆረጣል፣ አረንጓዴ ሆኖ ይጫናል፣ አዲስ አበባ ደርሶ በዝግ ክፍል ውስጥ፣ ብዙ ጊዜም በላምባ ጭስ፣ እንዲበስል ይደረጋል። የመብሰሉን ሥራ የሠራው ክፍል የዋጋውን ትልቅ ድርሻ ይወስዳል። ገበሬው የሚሸጠው ገና ሙዝ ያልሆነ ሙዝ ነው ብል አላጋነንኩም።

ማንጎው ግን ለዚህም አልታደለም። ወቅቱ አጭር ነው፤ ሲደርስ የሁሉም ሰው ዛፍ በአንድ ላይ ይደርሳል። በዚያ ሰሞን በየሰፈሩ ዛፍ ሥር የሚረግፈውን ፍሬ እዚህ ላለ ሰው መንገር አያስፈልግም፤ ከብት ይበላዋል፣ ዝንብ ይወርሰዋል፣ የተረፈው ይበሰብሳል። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ጥናት በዓለም ላይ ከሚመረተው ፍራፍሬ፣ አትክልትና ሥራ ሥር ከ40 እስከ 50 በመቶ የሚሆነው ከማሳ እስከ ጠረጴዛ ባለው መንገድ ይባክናል ብሎ ገምቷል። የብክነቱ ቦታ ግን ከአገር አገር ይለያያል። ሀብታሙ አገር ከገዛ በኋላም ብዙ ይጥላል፤ እኛ ግን በአብዛኛው የምንጥለው ሳንሸጥ ነው። የእኛው የሚያንገበግበውም ለዚህ ነው፤ ዝናቡ ዘንቦ፣ መሬቱ አብቅሎ፣ ሰው ደክሞ፣ ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ የሚደርስ ኪሳራ ነውና።

ወደ በረዶው ሥራ ልግባ። ማንጎ ከክብደቱ ከመቶ ሰማንያ እጅ በላይ ውኃ ነው፤ ሙዝ ሦስት አራተኛው ውኃ ነው። ውኃው በዝግታ ሲረጋ ትልልቅ የበረዶ ስለቶች ይሠራል፤ ስለቶቹ የፍሬውን ሥጋ ይበጣጥሱታል። በረዶው ሲሟሟ ፍሬው ይለሰልስና ውኃውን ያንጠባጥባል። በፍጥነት ሲረጋ ስለቶቹ ጥቃቅን ይሆናሉ፤ ፍሬውም ቅርጹንና ጣዕሙን ይዞ ይቆያል። አሜሪካዊው ክላረንስ በርድስአይ እ.ኤ.አ. በ1910ዎቹ በዛሬዋ ካናዳ ላብራዶር በነበረበት ጊዜ የዚያ አገር ተወላጆች ያጠመዱት ዓሣ በብርቱ ብርድ ወዲያው ሲረጋ፣ ወራት ቆይቶም ሲሟሟ እንደ ትኩስ እንደሚጣፍጥ አየ። ከነሱ የተማረውን ይዞ ማሽን ሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ1930 በማሳቹሴትስ በረዶ የሆነ ምግብ በሱቅ መሸጥ ተጀመረ። ዛሬ በዋሽንግተን ዲሲ የሚኖር ወገናችን ከሱፐርማርኬት ፍሪዘር የሚያወጣው የማንጎ ከረጢት ላይ ፔሩ ወይም ሜክሲኮ የሚል ያነባል። ኢትዮጵያ የሚል አያነብም።

ታዲያ ፍጥነት ውድ ነው። እያንዳንዱን የማንጎ ቁራጭ ለብቻው በቅጽበት የሚያረጋ መሣሪያ በብዙ ገንዘብ ይገዛል፤ ሥራ ሳይፈታ ካልዋለ ዕዳ ይሆናል። ብዙ ሰው "በረዶ የሆነ ፍራፍሬ" ሲባል የሚታየው ይህ መሣሪያ ስለሆነ ገና ሳይጀምር ይፈራል። እኔ የምመክረው ከሌላ ቦታ መጀመርን ነው። ለጁስ የሚሆን ፍሬ በመጨረሻ መፈጨቱ አይቀርም። ሊፈጭ ለተዘጋጀ ፍሬ የበረዶው ስለት ትልቅ ሆነ ትንሽ ሆነ ምን ቸገረው? እዚሁ ልጠን፣ ዘሩን አውጥተን፣ ፈጭተን፣ በአንድ ኪሎ ከረጢት አሽገን፣ ከረጢቶቹን በስሱ ደርድረን ብናረጋው ጀማሪ የሚችለው መሣሪያ ይበቃዋል። የጣዕሙ ጉዳት በጣም ትንሽ ነው።

ገዢውስ? ገዢው ባሕር ማዶ ሳይሆን ቦሌና መርካቶ፣ ጅማና ሐዋሳ ውስጥ ነው። በየመንገዱ ዳር ያለውን ጁስ ቤት አስቡት። ስፕሪስ ለመሥራት አቮካዶ፣ ማንጎና ፓፓያ በአንድ ቀን እኩል የበሰሉ መሆን አለባቸው፤ ይህ ደግሞ እምብዛም አይሆንም። ትናንት ድንጋይ የነበረው አቮካዶ ነገ ይጠቁራል። ማንጎ ከወቅቱ ውጪ ዋጋው ይሰቀላል ወይም ከነአካቴው ይጠፋል። ባለ ጁስ ቤቷ ልጣጭና ዘር ጭምር በኪሎ ትገዛለች፤ ከዚያ የቆሻሻ ማንሻ ትከፍላለች። የተፈጨ ማንጎ በከረጢት ብናቀርብላት የምትፈልገውን ያህል ታወጣለች፣ የቀረውን ፍሪዘሯ ውስጥ ትተዋለች። ሆቴሉ፣ አይስክሬም ቤቱ፣ ፍራፍሬ ያለው እርጎ የሚሠራው ወተት ማቀነባበሪያም እንዲሁ ነው። በጾም ወራት የጁስ ፍላጎት ሲበዛ ከበረዶ ክፍላችን እናወጣለን።

"ትኩስ አይደለም" የሚል ገዢ ይመጣል፤ መልስ አለን። ዛፉ ላይ በስሎ በዚያው ዕለት የረጋ ማንጎ አብዛኛውን ቫይታሚኑን ይዞ ይቆያል፤ ሳይበስል ተቆርጦ ሦስት አራት ቀን በሙቀት የተንከራተተው ግን በየሰዓቱ እየከሳ ነው የሚሄደው። ለትኩስ ገበያ የማይሆነው በጣም የበሰለ ፍሬ ለእኛ ሥራ ምርጡ ነው። ይህ የሚገርም ነገር ነው፤ ዛሬ የምንጥለው ፍሬ ለበረዶ ከሁሉ ይሻላል።

ልጣጩን ላሰላላችሁ። እንደ ዓይነቱ ይለያያል እንጂ ከመቶ ኪሎ ማንጎ ልጣጩና ዘሩ ሲወጣ የሚቀረው ከ50 እስከ 60 ኪሎ ቢሆን ነው። የእኛው አገር ቃጫ የበዛበት ማንጎ ደግሞ ዘሩ ትልቅ ነው። ስለዚህ 50 ኩንታል ማንጎ ጭኖ ከዚህ የወጣ አይሱዙ ሃያ ኩንታል ያህል ለአዲስ አበባ ቆሻሻ እያጓጓዘ ነው። ነዳጁን የሚከፍለው ማነው? ነጋዴው ከከፈለ ከገበሬው ዋጋ ላይ ቀንሶ ነው። ልጣጩ እዚህ ቢቀር ለከብት መኖ ወይም ለኮምፖስት ይሆናል፤ ማሳችንም ያበቀለውን መልሶ ያገኛል።

ሌላም ትርፍ አለው። እ.ኤ.አ. በ2010 በምሥራቅ ወለጋ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘው ነጭ የማንጎ ተባይ በምዕራቡ የአገራችን ክፍል ብዙ ዛፍ አጥቅቷል። ተባዩ የፍሬውን ቆዳ ያበላሻል፤ ቆዳው የተበላሸ ማንጎ ደግሞ ውስጡ ደህና ቢሆንም በገበያ ይናቃል። ልጦ ለሚፈጭ ሰው የቆዳ ነጠብጣብ ምንም አይደለም። የፍራፍሬ ዝንብም ትኩስ ማንጎ ወደ ውጭ እንዳይሄድ ትልቅ መሰናክል ነው፤ ገዢ አገሮች ትሉ እንዳይገባባቸው ይፈራሉና። ብርቱ በረዶ እንቁላሉንም ትሉንም ይገድላል፤ ስለዚህ በዚህ በኩል በረዶ የሆነ ፍሬ የሚጠየቀው ያነሰ ነው። ይህ ግን ለትሉ ፈውስ አይደለም፤ ትል የበላው ፍሬ ከመጀመሪያው መለየትና መወገድ አለበት፣ ዛፉም ሊታከም ይገባል።

አሁን የሚያሳስበኝን ልናገር። ሁለት ነገር ነው፤ መብራትና ንጽሕና።

አንድ ቶን ማንጎ ከ25 ዲግሪ ከዜሮ በታች ወደ 18 ዲግሪ ለማውረድ ከፍሬው 110 ኪሎዋት ሰዓት የሚያህል ሙቀት መውጣት አለበት። ደህና ኮምፕሬሰር ይህን ሙቀት ለማውጣት ከዚያ ያነሰ መብራት ይበላል፤ ያረጀ መሣሪያና ቀዳዳ የበዛበት ክፍል ግን ይበልጠዋል። ቁጥሩ አስፈሪ አይደለም። አገራችን ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለውን የሕዳሴ ግድብ መርቃለች፤ በዚሁ በደቡብ ምዕራብ ክልላችን የኮይሻ ግድብ እየተሠራ ነው። የሚቸግረው የጎደለው የመጨረሻው ሽቦና ትራንስፎርመር፣ እየሄደ የሚመጣው መብራት ነው። የረጋ ፍሬ የሞላበት፣ ግድግዳው ወፍራም፣ በሩ ያልተከፈተ ክፍል መብራት ቢጠፋበት ለሰዓታት ቅዝቃዜውን አይለቅም፤ የረጋው ፍሬ ራሱ ቅዝቃዜ አቃቢ ነው። ቀን ሙሉ ቢጠፋ ግን ጄነሬተር ያስፈልጋል። ሟሙቶ እንደገና የረጋ ፍሬ አንሸጥም፤ ይህን ከመጀመሪያው ቀን ሕግ ማድረግ አለብን። አንድ ጊዜ የተበላሸ ከረጢት የገዛ ጁስ ቤት አይመለስም።

ይህ ጥንቃቄ ለእኛ ባዕድ እንዳይመስለን። የጤና ባለሙያዎቻችን የልጆችን ክትባት በበረዶ ሣጥን አድርገው፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ እየጠበቁ፣ መኪና በማይገባበት ቀበሌ ሁሉ በእግር አድርሰዋል። በሸኮ ጫካ ውስጥ ቅዝቃዜን ሳይበጥስ የሚያደርስ ሰው ካለ፣ ማንጎን ከሚዛን አማን ጅማ ማድረስ አያቅተንም።

ንጽሕናው ከመብራቱ ይበልጥ ያስፈራኛል። በረዶ ፍሬውን ከመበስበስ ያቆማል እንጂ ጀርም አይገድልም፤ ብዙው እንቅልፍ ይወስደዋል፣ ሲሟሟ ይነቃል። እ.ኤ.አ. በ2012 በጀርመን 11 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች፣ ብዙዎቹ የትምህርት ቤትና የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች፣ በትውከትና በተቅማጥ ታመሙ። መንሥኤው ከቻይና የመጣ በረዶ የሆነ እንጆሪ ላይ የነበረ ኖሮቫይረስ ነበር። ጀርመንን የሚያህል ቁጥጥር ያለው አገር እንዲህ ከሆነ፣ በጉድጓድ ውኃ ታጥቦ፣ እጁን ባልታጠበ ሰው የተላጠ ማንጎ ምን ያህል ሰው ሊያሳምም እንደሚችል አስቡ። ሠራተኛው ከመጸዳጃ ሲወጣ የሚታጠብበት ውኃና ሳሙና ከኮምፕሬሰሩ በፊት መገዛት አለበት። ውኃው በክሎሪን የታከመ፣ ጠረጴዛው የማይዝግ ብረት፣ ሠራተኛው የጤና ምርመራ ያለው ይሁን። ይህን የማያሟላ ሰው ሥራውን ባይጀምረው ይሻላል።

ከእኛ ጋር በብዙ የሚመሳሰል ሕዝብ ይህን መንገድ ሄዶበታል። በብራዚል አማዞን፣ በቤሌም ከተማ ዙሪያ ወንዝ ዳር የሚኖሩ ሰዎች አሳኢ የሚባል የዘንባባ ፍሬ ከጫካ ይለቅማሉ። ፍሬው ከተለቀመ በአንድ ሁለት ቀን ይበላሻል፤ ስለዚህ ለዘመናት ከዚያ አካባቢ አልወጣም ነበር። ፈጭተው በረዶ ማድረግ ሲጀምሩ መጀመሪያ የብራዚል ትልልቅ ከተሞች፣ ኋላም አሜሪካና አውሮፓ ገዙት። ገንዘብ ገባ። አብሮት ሁለት ችግር መጣ። ፍሬው ላይ በሚያርፉ ነፍሳት ምክንያት የቻጋስ በሽታ የያዛቸው ሰዎች ተገኙ፤ በሙቀት ማከም ግድ ሆነ። ሌላው ችግር ጫካው ነው፦ አሳኢ ብቻ እንዲበዛ ብለው ሌላውን ዛፍ የመነጠሩ ቦታዎች የዛፍ ዓይነታቸው ተመናመነ።

ይህን ሁለተኛውን በተለይ ለእናንተ ነው የምናገረው። የእኛ ማንጎና አቮካዶ በቡናው መካከል፣ ከእንሰቱ፣ ከጎደሬውና ከኮረሪማው ጋር ተስማምቶ ነው የሚኖረው። ዩኔስኮ የሸካን ደን በ2004 ዓ.ም. የሰውና የተፈጥሮ ጥብቅ ሥፍራ አድርጎ የመዘገበው ሕዝቡ ደኑን ጠብቆ ስላቆየው ነው። የበረዶ ክፍል መጣ ተብሎ ደን ተመንጥሮ የማንጎ እርሻ የሚተከል ከሆነ እኔ ከዚህ ሐሳብ ወጥቻለሁ። ደግሞም አያዋጣንም። በ2004 ዓ.ም. የዝንጅብል አጠውልግ በሽታ በደቡቡ ሲነሣ በዝንጅብል ላይ ብቻ የተደገፈው ቤተሰብ ምን እንደደረሰበት ብዙዎቻችሁ በዓይናችሁ አይታችኋል። ልዩ ልዩ ፍሬ በየጊዜው የሚገባበት ክፍል ዓመቱን ሙሉ ሥራ አይፈታም፤ በማንጎ ብቻ የቆመ ግን ለሁለት ወር ሠርቶ ለአሥር ወር ይዘጋል።

በአገራችን ከዚህ ቀደም ምን ተሞከረ? መርቲ ማርማላታና የቲማቲም ድልህ የማያውቅ ቤት የለም፤ የላይኛው አዋሽ ሥራ ነው። በዚያው አካባቢ ጢቢላ ላይ አፍሪካ ጁስ የተባለ ኩባንያ ፓሽን ፍሩት እያለማ ጭማቂውን ለአውሮፓ ያዘጋጅ ነበር፤ በ2009 ዓ.ም. መግቢያ በተነሣው ሁከት ፋብሪካው ጥቃት ደረሰበት። የዚያ ጊዜ ምክንያት ብዙና ውስብስብ ነው፤ እዚህ ልፈርድበት አልችልም። አንድ ነገር ግን ከልቤ አምናለሁ፦ ጎረቤቱ ድርሻ ያለው ፋብሪካ ጠባቂው ጎረቤቱ ነው። በሲዳማ ይርጋለም የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርክ አቮካዶን ወደ ዘይት መለወጥ ከተጀመረ ወዲህ የአቮካዶ ገበሬው ሌላ ገዢ አግኝቷል። ይህ ደስ ይላል። እኛ ግን ይርጋለም እስኪመጣልን መጠበቅ የለብንም፤ የሸኮ አቮካዶም ይርጋለም አይደርስም።

ስለ ውጭ ገበያ በአጭሩ ልለፍ። ከዚህ ጅቡቲ ወደብ ድረስ ከ1,300 ኪሎ ሜትር ያላነሰ መንገድ ነው፤ ኮንቴነሩ በየመንገዱ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። የአዲስ አበባ ገበያ ሁለት ሦስት ዓመት ካስተማረን በኋላ፣ ጥራታችን በላቦራቶሪ ከተመሰከረ በኋላ እንነጋገርበት።

ወደ ባለቤትነቱ ልመለስ። አንድ ባለሀብት መጥቶ የበረዶ ክፍል ቢሠራ አልቃወምም፤ ሥራ ይከፍታል። ነገር ግን የበረዶው ክፍል የአንድ ሰው ብቻ ከሆነ እሸት ቡና የሸጥንበት ጥድፊያ ማንጎ ላይ ይደገማል፤ የመጠበቅ አቅም የሚኖረው ባለ ክፍሉ ብቻ ይሆናልና። ገበሬው ፍሬውን ሲያስረክብ የመጀመሪያ ክፍያ ይቀበል፤ ከወቅቱ ውጪ በደህና ዋጋ ሲሸጥ ደግሞ የትርፍ ድርሻውን ያግኝ። ይህ አሠራር አዲስ አይደለም፤ የቡና ዩኒየኖቻችን የትርፍ ክፍፍል ይሉታል። የቤንች ማጂ የደን ቡና አምራቾች ዩኒየን አባል ማኅበራት ሚዛን አላቸው፣ መዝገብ አላቸው፣ መጋዘን አላቸው፤ ገበሬው ያምናቸዋል። ቡና በማይለቀምበት ወቅት ያ ሁሉ ነገር ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። የማንጎው ወቅት ደግሞ ከቡናው ለቀማ ጋር አይጋጭም።

ስለዚህ ጥያቄዬን በስም ጠርቼ ላቅርብ። ዩኒየኑ አንድ መጋዘን ይስጥ። ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ የግብርና መምህራኑንና የቴፒ ግቢውን የምህንድስና ተማሪዎች ይላክ፤ የትኛው ማንጎና የትኛው አቮካዶ በረዶ እንደሚችል፣ አቮካዶው እንዳይጠቁር ምን ያህል የሎሚ አሲድ እንደሚበቃ እዚሁ ፍሬ ላይ ይፈትኑ። የመብራት አገልግሎቱ ለዚያ መጋዘን የማይቆራረጥ መስመር ይስጥ። ነጋዴዎቻችን አዲስ አበባ ላይ ቀድመው የሚገዙ ጁስ ቤቶችን ያስፈርሙ። ወጣቶች ማቀዝቀዣ መጠገን ተማሩ፤ መሣሪያው ሲበላሽ ጅማ ድረስ ሰው የሚጠራ ከሆነ ፍሬው አይጠብቅም። እናንተ ገበሬዎች ደግሞ ዛፋችሁን ቁጠሩ፤ ስንት ዛፍ፣ ምን ዓይነት፣ በየትኛው ወር እንደሚደርስ ጽፋችሁ ለማኅበራችሁ ስጡ። ያለዚያ ዝርዝር ማንም ክፍሉን በልኩ ሊሠራው አይችልም። የሚቀጥለው ማንጎ አበባ ከማውጣቱ በፊት ዝርዝሩ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይግባ።